ቀበቶው ሆድሽ ላይ ከመታሰሩ በፊት

የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ሆስፒታል በገባሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሆዴ ላይ ሁለት ቀበቶ ታሰረ። አንዱ ከእምብርቴ በታች፣ አንዱ ከላይ። ነርሷ ቀዝቃዛ ጄል ቀባችኝና መዳፍ የምታክል ክብ ነገር አስቀመጠችበት፤ ክፍሉ በልጄ የልብ ምት ተሞላ። ድምፁን ስሰማ እንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን ለ11 ሰዓት ከአልጋው አልወረድኩም። ወደ ጎኔ ዞር ስል ድምፁ ይጠፋል፤ ድምፁ ሲጠፋ ነርሷ ትመጣና መልሳ በጀርባዬ ታስተኛኛለች። ምጡ ወገቤን ሲይዘኝ የምፈልገው መቆም፣ የሆነ ነገር ተደግፌ መወዛወዝ ነበር። “መነሳት እችላለሁ?” ብዬ አልጠየቅኩም። የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ጤነኛ ነበርኩ። ግፊት የለብኝ፣ ስኳር የለብኝ፤ ቀኔ ደርሷል፤ ምጡ የመጣው በራሱ ጊዜ ነው። እንዲህ ላለች ሴት ያለማቋረጥ ከማሽን ጋር መታሰር ግዴታ እንዳልሆነ የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ በማዋለጃ ክፍሎች በአስተርጓሚነት መሥራት ስጀምር ነው። በሥራዬ ከብዙ እህቶቼ አጠገብ ቆሜአለሁ። ያለምክንያት የታሰሩ አይቻለሁ፤ በቂ ምክንያት እያለ “አልፈልግም” ብለው ሁላችንንም በጭንቀት ያቆዩን አይቻለሁ። የሁለቱም ችግር አንድ ነበር። “ለእኔና ለዚህ ልጅ የትኛው ነው የሚሻለው? ለምን?” የሚለው ጥያቄ ምጥ ሳይጀምር አልተጠየቀም።

መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ማህፀን ሲኮማተር ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደም ለአፍታ ይቀንሳል፤ ምጡ ሲለቅ ይመለሳል። ጤናማ ሕፃን ይህን መቀነስና መመለስ ለሰዓታት ይቋቋመዋል። ኦክሲጅን እያነሰው የሄደ ሕፃን ግን ለውጡ ቀድሞ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ የልቡ ምት ነው። የተለመደው መነሻ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ስለዚህ ልቡ መደመጥ አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ምርጫው ያለው አደማመጡ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ በየተወሰነ ጊዜ ማዳመጥ ነው። ‘ኢንተርሚተንት’ ሲሉ ብትሰሚ ይህንን ማለታቸው ነው። አዋላጇ በእጅ የሚያዝ ዶፕለር (በአልትራሳውንድ የልጁን ልብ ምት የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ) ወይም ፒናርድ የሚባለውን መለከት የመሰለ ማዳመጫ ሆድሽ ላይ ታደርጋለች። ምጡ ለቀቅ እንዳደረገሽ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፣ የአንቺንም የእጅ ትርታ ትይዛለች፣ ትጽፍና ትለቅሻለች። ፒናርዱ በፈረንሳዊው ሐኪም በአዶልፍ ፒናር ስም የሚጠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ይታወቃል (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ ቆጠራ ናቸው)፤ ባትሪም ሽቦም አይፈልግም። እንግሊዝ ውስጥ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ በ2022 ባወጣው መመሪያ መሠረት ይህ ማዳመጥ ምጡ እየገፋ ባለበት ጊዜ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው፣ ማማጥ (ልጁን ወደ ታች መግፋት) ስትጀምሪ ደግሞ ቢያንስ በየ5 ደቂቃው መደረግ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ያወጣው ምክር መጀመሪያ ላይ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ በማማጫው ጊዜ በየ5 ደቂቃው ይላል። በመካከሉ ያለው ጊዜ የአንቺ ነው። ትራመጃለሽ፣ ትንበረከኪያለሽ፣ ገንዳ ካለ ውሃ ውስጥ ትገቢያለሽ። ውሃ ውስጥ የሚሠራ ዶፕለርም አለ።

ሁለተኛው መንገድ ሲቲጂ የሚሉት፣ ያለማቋረጥ በማሽን የሚቀዳው ነው። አንደኛው ቀበቶ የልጁን ልብ በአልትራሳውንድ ይይዛል፤ ሌላው ሆድሽ ሲጠነክርና ሲላላ ይመዘግባል። ሁለቱም ወረቀት ላይ ወይም ስክሪን ላይ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይሰመራሉ። የሕፃኑን ልብ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በመከታተል ሥራ ስሙ የሚነሳው ሐኪም ኤድዋርድ ሆን፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሳለ ውጤቱን በ1958 አሳተመ፤ ለሽያጭ የተሠሩት ማሽኖች በ1960ዎቹ መጨረሻ ወጡ። ማሽኑ ሴሬብራል ፓልሲን (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግርን) ያስቀራል የሚል ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ተስፋው በጥናት ሳይፈተን ማሽኑ በየሆስፒታሉ ገባ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ ከተወለዱት ሕፃናት 85 በመቶ ያህሉ በማሽን ክትትል የተወለዱ ናቸው። ሆስፒታል ስትገቢ ቀበቶው ሳይጠየቅ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። አብዛኛው ሠራተኛ የሠለጠነውና የለመደው እሱን ነው።

ማሽን ሁሉ ግን አልጋ ላይ አያስርም። ሽቦ አልባ የሆኑ አሉ፤ በእነሱ ክፍል ውስጥ መንቀሳቀስ ትችያለሽ፤ አንዳንዶቹ ውሃም አይጎዳቸውም። ቆዳ ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ፣ ያለ ቀበቶ የሚሠራም አለ። ቀበቶው ድምፁን በደንብ ካልያዘ ደግሞ በልጁ ጭንቅላት ቆዳ ላይ በማህፀን በር በኩል ቀጭን ጠምዛዛ ሽቦ ሊያያይዙ ይጠይቁሻል። ስሙ ሲጠራ ያስፈራል፤ የምትነካው የላይኛዋን ቆዳ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጭረት ትታ ትሄዳለች። እንሽርት ውሃው መፍሰስ አለበት፣ የማህፀን በሩም ትንሽ መከፈት አለበት። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ወይም ያገረሸ የብልት ሄርፒስ ካለብሽ ግን ይህ መሣሪያ መቅረት አለበት፤ በሽታውን ወደ ልጁ ሊያሻግር ይችላል። ይህን የምነግርሽ ፋይል ሁልጊዜ ስለማይነበብ ነው። በዘመድ ፊት መናገር ካልፈለግሽ ዘመድ እንዲወጣ ጠይቂ፤ አዋላጇ ያለ አንዳች ጥያቄ ታደርገዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የትኛው ይሻላል? በ2017 ኮክሬን የተባለው የጥናት መርማሪ መረብ ያለማቋረጥ በማሽን መከታተልን በየጊዜው ከማዳመጥ ጋር ያነጻጸሩ 13 ጥናቶችን፣ ከ37,000 በላይ ሴቶችን ይዞ ገመገመ። ማሽኑ የነበረባቸው ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ የሚደርስባቸው የመንቀጥቀጥ ሕመም በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ችላ አይባልም። ሕመሙ ግን ከ500 ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚታይ ነው። በሞት ቁጥርም ሆነ በሴሬብራል ፓልሲ ግን ማሽኑ ልዩነት አምጥቷል የሚያሰኝ አልተገኘም። በእናቶቹ በኩል በኦፕሬሽን መውለድ 60 በመቶ ያህል ከፍ አለ፤ በቫክዩምና በፎርሴፕስ (ልጁን ስበው በሚያወጡባቸው መሣሪያዎች) መውለድም ጨመረ። አብዛኞቹ ጥናቶች የቆዩ ናቸው፤ ሁሉም ጠንካራ አይደሉም። ቢሆንም እስካሁን ያለው ማስረጃ ይኸው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ጤናማ ለሆነችና ምጧ በራሱ ለመጣ ሴት ያለማቋረጥ ሲቲጂ አይመከርም ያለውም ይህን ተመርኩዞ ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2019 ሆስፒታሎች ስጋት የሌለባት ሴት ከፈለገች በእጅ ዶፕለር የሚደመጥበት አሠራር እንዲኖራቸውና ሠራተኞቻቸውን እንዲያሠለጥኑ መክሯል።

ማሽን ለምን ወደ ኦፕሬሽን ይመራል? ልብ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰዓት አይደለም። ሕፃኑ ሲተኛ መስመሩ ጠፍጠፍ ይላል፤ ያ እንቅልፍ እስከ 40 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። እትብቱ ለአፍታ ሲጨመቅ ምቱ ቁልቁል ወርዶ ወዲያው ይመለሳል። ጭንቅላቱ ሲጫን ይወርዳል፤ ሲነቃ ይጨምራል። ያለማቋረጥ ስትቀጂ እነዚህን ሁሉ ታያለሽ፤ ከሁሉ መካከል አደጋ የሆነውን ከማይሆነው መለየት ከባድ ነው። አንድን ወረቀት ሁለት ባለሙያ አይቶ ሁለት ነገር ይላል። የሚያጠራጥር ነገር ዓይኑ ሥር ያለ ሐኪም ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ ይከብደዋል። እኔ በዚህ አልወቅሰውም። ልጅሽ ላይ አደጋ እንዳይደርስ ብሎ ነው። ውጤቱ ግን ጤናማ ሕፃን ለማውጣት የተደረገ ኦፕሬሽን ይሆናል፤ ጠባሳው ደግሞ ለሚቀጥለው እርግዝናሽ ይተርፋል።

ይህን አንብበሽ “እንግዲያው ማሽን አልነካም” ብትይኝ እደነግጣለሁ። ማሽኑ ያለማቋረጥ መኖር ያለበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ አትከራከሪ ነው የምልሽ። ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን ወልደሽ አሁን በምጥ ለመውለድ ካሰብሽ አንደኛዋ አንቺ ነሽ። የድሮው የማህፀን ጠባሳ መተርተር ከጀመረ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የልጁ ልብ ምት መለወጥ ነው፤ ሆድሽ ላይ ሕመም ሳይሰማሽ ልቡ ሊናገር ይችላል። የእርግዝና ግፊት ካለብሽ፣ ስኳር ካለብሽ፣ መንታ ከሆኑ፣ ልጁ እድገቱ አነስተኛ ነው ከተባለ፣ ቀኑ ሳይደርስ ምጥ ከመጣ፣ ከሰሞኑ እንቅስቃሴው ቀንሶብሽ ከሆነ ለሁሉም ያለማቋረጥ ክትትል ያስፈልጋል። ምጥ ላይ እያለሽም ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። ደም ከፈሰሰሽ፣ ሙቀትሽ 38 ከደረሰ፣ እንሽርት ውሃሽ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ በዶፕለር ሲያዳምጡ ያላማራቸው ነገር ካለ፣ ምጥ ማፋጠኛውን ኦክሲቶሲን ካስገቡልሽ ቀበቶው ይምጣ። ኤፒዱራል የሚሉትን፣ በጀርባ የሚሰጠውን የሕመም ማደንዘዣ መርፌ ስትወስጂም እንደዚሁ ነው፤ መርፌው የደም ግፊትሽን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፣ ያኔ ወደ ልጁ የሚሄደውም ደም ይቀንሳል።

ኦክሲቶሲኑን ለብቻው ላንሳው፤ ብዙዎቻችን የምንስተው እሱን ነው። “ያለ ማሽን፣ እየተራመድኩ እወልዳለሁ” ብላ የመጣች ሴት ምጧ ሲዘገይ “ማፋጠኛ እንስጥሽ?” ትባላለች፤ “እሺ” ትላለች። ያንን እሺ ስትል ማሽኑንም እሺ ማለቷ መሆኑን ማንም አልነገራትም። መድኃኒቱ ምጡን ያበረታል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 በላይ ምጥ ከመጣ ልጁ በመካከል የሚያርፍበት ጊዜ ያጥረዋል። ለዚህ ነው ቀበቶው ግድ የሚሆነው። አንዱን ምርጫ ስትመርጪ ከኋላው ምን ተያይዞ እንደሚመጣ ጠይቂ። “ይህን ከወሰድኩ የልጁን ልብ የምትከታተሉበት መንገድ ይለወጣል ወይ?” በይ።

ሁለተኛዋን ልጄን ሳረግዝ ይህን ሁሉ አውቄ ስለነበር በ35ኛው ሳምንት ቀጠሮ ወስጄ ጠየቅኩ። አዋላጇ ፋይሌን ከፍታ አንድ በአንድ አየች፤ “አንቺ ላይ ማሽን የሚያስፈልግበት ምክንያት አላይም፤ ምክንያት ከመጣ እነግርሻለሁ” ብላ ያንኑ ጻፈችው። የምጡ ቀን ለስድስት ሰዓት በዶፕለር ተደመጥኩ። መስኮቱን ይዤ ቆሜ፣ አንዴ በጉልበቴ ሆኜ፣ አንዴ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ። አዋላጇ መጥታ ትንበረከካለች፣ ዶፕለሩን በሶፍት ጠርጋ ታስቀምጣለች፣ በግራ እጇ አንጓዬን ትይዛለች፣ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ከንፈሯ ሲቆጥር ይታየኝ ነበር። ከዚያ ምጡ ተዳከመ። “ምክንያቱ አሁን መጣ” አለችኝ። ኦክሲቶሲን ተጀመረልኝ፤ ሽቦ አልባውን ማሽን አሠረችልኝ፤ ቆሜ ቀጠልኩ። ቀበቶው ያው የመጀመሪያው ዓይነት ቀበቶ ነው። ለምን እንደታሰርኩ ስለማውቅ ግን አንዴም እንደ እስር አልተሰማኝም።

ስለዚህ ከ34ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጠይቂ። የመጀመሪያው ጥያቄ “የእኔ እርግዝና ስጋት ያለበት ነው ወይስ የሌለበት? ምክንያቱስ?” ነው። ቀጥሎ “በየጊዜው ማዳመጥ እዚህ ይሠራል ወይ?” በይ። “አዎ” ካሉሽ አትለፊው፤ “ሌሊት ላይ ሠራተኛ ሲያንስስ?” ብለሽ ጨምሪ። በየ15 ደቂቃው መጥታ የምታዳምጥሽ አዋላጅ ካለች ነው ምርጫው ምርጫ የሚሆነው። አንዲት ነርስ ሦስት ሴት ይዛ የምትሯሯጥበት ክፍል ውስጥ በወረቀት የተፈቀደልሽ ዶፕለር በተግባር አይገኝም፤ እዚያ ላይ ሲቲጂ መሆኑ ይሻልሻል። ያልተደመጠ ልጅ ከታሰረች እናት የባሰ ነው። እንዲህ ያለ መልስ ካገኘሽና እርግዝናሽ ጤናማ ከሆነ፣ አዋላጆች የሚመሩት የማዋለጃ ክፍል በአካባቢሽ መኖር አለመኖሩን ጠይቂ። በእነዚህ ክፍሎች የሚሠራበት ዋናው መንገድ በየጊዜው ማዳመጥ ነው። በመጨረሻም ሽቦ አልባ ማሽን ስንት እንዳላቸው ጠይቂ። ለሃያ አልጋ አንድ ከሆነ ተስፋ አታድርጊበት።

ስትገቢ “ለ20 ደቂቃ ብቻ ማሽኑ ላይ እንይሽ” ማለታቸው የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንንም ጤናማ ለሆነች ሴት አይመክረውም፤ በ2017 የተገመገሙት ጥናቶች የኦፕሬሽን ዕድልን በ20 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይጠቁማሉ። እምቢ ማለት መብትሽ ነው። የእኔ ምክር ግን ጠብ የሚያስነሳ ከሆነ እሺ በይ፤ ብቻ ቁጭ ብለሽ ወይም ቆመሽ ይሁን፤ ቀበቶውን ከመታሰርሽ በፊትም “በስንት ሰዓት ነው የሚፈታው?” ብለሽ ሰዓቱን አስነግሪ። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ያለው 20 ደቂቃው ተረስቶ እስከ ወሊድ በመቀጠሉ ላይ ነው። እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ስለ ቋንቋ ደግሞ አንድ የማልረሳው ነገር ልንገርሽ። አንዲት እህት ጋ ተጠርቼ እስክደርስ ባለቤቷ ነበር የሚያስተረጉምላት። ሐኪሟ ያለማቋረጥ የሚቀዳ ማሽን ልታስርላት እንደሆነ ገለጸች። እሱም “ክትትል ሊያደርጉልሽ ነው” አላት። ምን ይበል? ክትትል የእኛ ቃል ነው። እሷ ግን ክትትል ስትባል የገባት በየወሩ የምትሄደው የእርግዝና ክትትል ነው። “ክትትል ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ይቀጥሉ” አለች። ስደርስ ቀበቶው ታስሮ አራት ሰዓት አልፎታል፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ “ይህን ነገር መቼ ነው የሚፈቱልኝ?” ብላ ነው። ባለቤቷ ምንም አላጠፋም። ቃሉ ነው ያልተገናኘው።

ሌላ ቀን ደግሞ ሐኪሙ የልጁን ምት አይቶ ‘ናን ሪአሹሪንግ’ አለ። ትርጉሙ “የሚታየው ምት አያስተማምንም፣ ቀረብ ብለን እንየው” ማለት ነው። ስታስተረጉም የነበረችው የእናትየዋ የመጀመሪያ ልጅ፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ፣ “እማዬ፣ ልቡ ሊቆም ነው” አለቻት። ያች ልጅ ያንን ቃል መሸከም አልነበረባትም። ሕፃኑ በደህና ተወለደ፤ ልጅቷ ግን እስክንወጣ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

አሜሪካ ያለሽ፣ የ2010ሩ የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብልሽ ያስገድዳል፤ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅ አስተርጓሚ እንዲሆን አይፈቅድም። እንግሊዝ ያለሽ፣ በብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ በኩል አስተርጓሚ በነፃ ነው። የትም ብትሆኚ “አማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል” የሚለው ፋይልሽ ላይ ከምጡ በፊት ተጽፎ ይደር። ሌሊት ላይ በስልክም በቪዲዮም ይገኛል። ቋንቋውን በደንብ የምትናገሪ ብትሆኚም ጠይቂ፤ ምጥ ሲጠነክር በሁለተኛ ቋንቋ ማሰብ ከባድ ነው። እኔ በሥራ ቋንቋዬ ውዬ የማድር ሰው ሆኜ፣ በዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልወጣልኝም።

ወንድሜ፣ ይህ ደግሞ ለአንተ ነው። ማሽኑ ክፍሉ ውስጥ ሲኖር ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ይቀራል፤ አውቃለሁ፣ የኔም ባለቤት እንደዚያው ነበር። ሁለት ቁጥር ታያለህ። የምጡን የሚያሳየው ቁጥር በውጪ ቀበቶ ሲለካ የምጡን ጥንካሬ አይናገርም፤ ቀበቶው የት እንደተቀመጠና ምን ያህል እንደጠበቀ ይለውጠዋል። ስለዚህ “ይሄኛው ትንሽ ነው፣ ቁጥሩ 30 ብቻ ነው” አትበላት። ምጧን የምታውቀው እሷ ናት። የልቡ ቁጥር ድንገት ጠፍቶ ወደ 80 ወይም 90 ቢወርድ፣ ማሽኑ የእናትየዋን ትርታ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ተመልሶ ልጁን ሲያጣም ዝም ሊል ይችላል። ባለሙያዋን ጥራ፣ አንጓዋን ይዛ ታነጻጽረው። ሌላ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ሌላ አገር ላለች ነርስ እህትህ አትላክ። ወረቀቱ አሜሪካ ውስጥ በደቂቃ 3 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ እንግሊዝ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር። ያው ልብ እዚህ ተዘርግቶ እዚያ ተጨናንቆ ይታያል፤ ለንደን ያለችው እህትህ የዋሽንግተንን ወረቀት አይታ ባልሆነ ነገር ልታስደነግጥህ ወይም ልታረጋጋህ ትችላለች።

ከስክሪኑ ይልቅ ወደ እሷ ዙር። አንድ ሰው ከጎኗ ሳይለይ መቆየቱ ራሱ በጥናት የተፈተነ ነገር ነው፤ 26 ጥናቶችና ከ15,000 በላይ ሴቶች የተካተቱበት ግምገማ እንዲህ ያለ ድጋፍ ያገኙት በራሳቸው የመውለድ ዕድላቸው እንደጨመረ፣ ኦፕሬሽንም እንደቀነሰ አሳይቷል። ወገቧን እሽ፣ ውሃ ስጣት፣ ቀበቶው ሲንሸራተት ወደ ጀርባዋ እንድትመለስ አታድርጋት፤ ነርሷን ጠርተህ ቀበቶውን እሷ ያለችበት አቀማመጥ ላይ እንድታስተካክለው ጠይቅ። ቀበቶው ወደ እናትየዋ ይምጣ፣ እናትየዋ ወደ ቀበቶው አትሂድ።

ምቱ ቢወርድ ምን እንደሚሆን አስቀድመሽ እወቂ፤ ክፍሉ ድንገት በሰው ሲሞላ ድንጋጤሽ ይቀንሳል። መጀመሪያ ወደ ጎንሽ ያዞሩሻል፤ ከባዱ ማህፀን ከትልቁ የደም ሥርሽ ላይ ይነሳል። ኦክሲቶሲን ካለ ይቀንሱታል ወይም ያቆሙታል። ግፊትሽ ወርዶ ከሆነ በደም ሥርሽ ፈሳሽ ወይም መድኃኒት ይሰጡሻል። በጣት የልጁን ጭንቅላት ነካ አድርገው ምቱ ከፍ ይል እንደሆነ ያያሉ፤ ከፍ ካለ መልካም ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ በዚሁ ይመለሳል። ካልተመለሰ “ልጁ አሁን መውጣት አለበት” ይሉሻል። ያን ጊዜ ጥያቄ የምታበዢበት ሰዓት አይደለም፤ ጥያቄሽን በ35ኛው ሳምንት ስለጠየቅሽ አሁን ልትሰሚያቸው ትችያለሽ።

ከምጡ በፊት ስላለው ጊዜም አንድ ነገር ልበል። በኦንላይን የሚሸጠውን የእጅ ዶፕለር ገዝታ ሌሊት ሌሊት ቤቷ የምታዳምጥ ብዙ ሴት አውቃለሁ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 ይህን መሣሪያ ያለ ባለሙያ ቤት ውስጥ እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። የራስሽን ደም ሥር ወይም የእንግዴ ልጁን ሹክሹክታ ሰምተሽ “ይኸው ልቡ” ብለሽ ልትተኚ ትችያለሽ። ልቡ እየመታም ቢሆን ልጁ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ያን መሣሪያው አይነግርሽም። እንቅስቃሴው ከለመድሽው ከቀነሰ ዶፕለሩን መሳቢያ ውስጥ ተዪው፤ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓትም ቢሆን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ደውዪና “ልጄ እንደ ወትሮው እየተንቀሳቀሰ አይደለም” በይ። “ነይ” ይሉሻል፤ ሂጂ። ያን ሌሊት ቀበቶውን ሲያስሩልሽ ምክንያቱን አንቺው ይዘሽላቸው ገብተሻል።